የሻደይ ልጃገረዶች ያልዘለሉት ስንኝ

ዘንድሮ ልጄ ለሻደይ በዓል ወገቧ ላይ የምታስረውን ረጃጅም ሣር አጭዳ ደጃፉ ላይ ስትዘረጋው፣ የእርጥቡ ሽታ ከሰቆጣ ቤቴ አንሥቶ ተወልጄ ወዳደግሁበት መንደር ወሰደኝ።

እዚያ ጨፋሪዎቹን የምትመራው አክስቴ ነበረች፤ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ፣ የከበሮው ቆዳ ሲረግብባት የሠራውን ሰው የምትሳደብ። ልጃገረዶቹ፣ እኛ ትንንሽ ወንዶች እየተከተልናቸው፣ በየቤቱ እየዞሩ አባወራውን ያሞግሳሉ፣ እሱም ይሸልማቸዋል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ሻደይ የመጣበትን ደጅ መዝጋት ግን ነውር ነው። አክስቴ ይህን ነውር ትጠቀምበታለች። አባቱ ለጣልያን ጦር መንገድ የመራለት ሽማግሌ ደጅ ስንደርስ ሙገሳውን ትተወዋለች፤ ከበሮውን ታዘገይና፣ ለነጭ መንገድ አንለቅም በማለታቸው የተገደሉትን የመንደራችንን ሰዎች በኽምጥኛ፣ በአገው ቋንቋችን፣ አንድ በአንድ ትጠራለች። አዝማቹ በአማርኛ እንዲህ ነው፤

ጥቁር ነህና ውረድ ቢሉት ከመንገዱ፣
ወርዶ መኖር ጠልቶ ቀረ ከነዘመዱ።

«አንቺ፣ ለበዓል ነው የመጣሽው ለልቅሶ?» ይላታል ሽማግሌው።

«ለሁለቱም ነው አያ፤ ሽልማቱንም አይርሱት።»

ሰው በአባቱ ሥራ መወቀሱን ዛሬም ልክ አልለውም። ሽማግሌው ግን ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

አክስቴ ሞታለች፤ ተቀባዮቿም አንዳንዶቹ አረብ አገር ናቸው። ዘንድሮ ልጄ በከተማው መድረክ ቡድኗን እንድትመራ ሲነገራት፣ አዘጋጁ «ደስ የሚለውን ብቻ» አላቸው። ስንኙ በእኛ ዘመን ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። የሞቱለትን የሚረሳ ሰው ነገ ራሱም ይዋረዳል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ መከርኳት።

«አባባ፣ ምክርዎ እኮ ከዘፈኑ ረዘመ» አለችኝ እንጂ እሺም እምቢም አላለችም።

በበዓሉ ቀን ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። ሙገሳው አለቀ። ከዚያ ከበሮው ዘገየ፤ ልጄ ስንኙን በአማርኛ አወጣችው፣ ጓደኞቿም ተቀበሏት።

የጎደለውንም አልደብቅም። ኽምጥኛው ቀርቷል፤ አክስቴ የምትጠራቸውን ስሞች ሁሉ የሚያውቅ ዛሬ የለም፤ የተረፈው አዝማቹ ብቻ ነው። ከጎኔ የነበሩት እናት ግን ስም እስኪጠራ አልጠበቁም፤ ያ ሁሉ ሰው ለበዓል አጊጦ በቆመበት መሐል ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱ።