ከሰበታ የመጣው ብልቃጥ

ቡራዩ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስላይድ ላይ ደም ጠብ አደርጋለሁ፣ ከብልቃጡ የደም ዓይነት የሚለየውን አንቲቦዲ እጨምራለሁ፣ እወዘውዛለሁ። ከተጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልተጓጎለ ኔጌቲቭ ነው። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም፤ እንዲያም ሆኖ ጭቅጭቅ አያጣኝም።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ከሱሉልታ መጣች። ልታገባ ነው፤ ቸርቻቸው ደግሞ ከሠርግ በፊት ምርመራ ይጠይቃል። የደምሽ ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ ነው ስላት እናትየው ክው አሉ። ከእሷ በኋላ የወለዷቸው ሁለት ሕፃናት ገና በአራስነታቸው ሞተውባቸዋል። አገሩ ሁሉ «ሾተላይ አለባት» ብሏቸዋል።

«ሰበታ አስመርምረናት ፖዘቲቭ ናት ብለውን እልል ብለን ነበር። ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ አንዳችሁ ዋሽታችኋል! የወንዱ ወገን ይህን ከሰማ ሾተላይ ከእናቷ ወርሳለች ይላል፤ ሠርግ የለም።»

ዋሸሽ ስባል አልወድም። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። የሰበታው ባለሙያ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስለነበር ደወልኩና «ብልቃጥህን ፀሐይ ላይ አስጥተኸው ነው?» አልኩት። ተንጨረጨረ። በማግስቱ ብልቃጡን ምሳ ዕቃው ውስጥ በበረዶ ከቦ ከች አለ።

ተመልሰው በመጡት እናትና ልጅ ፊት ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን ሞከርናቸው። የእኔው ምንም አላሳየም፤ የእሱ ቀስ ብሎ ተጓጎለ። ተያየንና በሳቅ ፈነዳን። ሁለቱም ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሴል ዘር ስለሚገኝ የሚያውቀው አንቲጂን የሚባለውን በደም ሴሉ ላይ ያለ ምልክት አንዲት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ሰውን በአፍንጫው፣ ሌላው በጆሮው ይለያል እንደማለት። የልጅቷ ቀይ የደም ሴሎች አንቲጂኑ አላቸው፣ ግን ከፊሉ ጎድሏል። ማናችንም አልዋሸንም።

«ስታረግዝ ለሐኪሟ ትንገር። እንደ ኔጌቲቭ ተቆጥራ፣ ደሟ የሕፃኑን ደም እንዳይዋጋ መከላከያ መርፌ ትወጋለች» አልኳቸው።

«መርፌ ብቻ?»

«አዎ፣ መርፌ።»

እናትየው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «እስቲ የእኔንም እዪልኝ።»

የእሳቸው ደም በሁለቱም ብልቃጥ አልተጓጎለም። ኔጌቲቭ ናቸው። ሕፃናቱን የጎዳው የእሳቸውና የሕፃናቱ ደም አለመስማማት መሆኑን፣ የተከተላቸው ክፉ ነገር እንደሌለ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ስልካቸውን ለልጃቸው አቀበሏት።

«ይቺን ደም ፎቶ አንሺልኝ። አማቴ እስከ ዛሬ ልጆቿን የበላች ትለኛለች። ሠርጉ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት አሳያታለሁ።»