እናቴ ኦክላንድ ኖረች የተባለበት ዓመት

ጋሼን ያኔ አንቱ እለው ነበር። አንቱታውን ያነሳሁበት ቀን አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ኦክላንድና ሳን ሆዜ የምንኖር የንጉሡ ዘመን ተማሪዎች ጥቂት ነበርን፤ በዕድሜም በትምህርትም ቀዳሚያችን ጋሼ ነበር። የተማረው አካውንቲንግ ነው። ሚያዝያ ሲቃረብ ሁላችንም ወረቀታችንን ይዘን ሳን ፓብሎ ወዳለችው ቤቱ እንሄዳለን፤ ታክሳችንን በነጻ ይሠራልናል። ብር ብትሰጠው ይቆጣል። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ አንተ ያዞርና የፊርማውን ቦታ በጣቱ ያሳይሃል እንጂ አንብብ አይልህም። ደግሞስ ማን ያነባል? ታላቅህ የደከመበትን ፊቱ ቁጭ ብለህ መስመር በመስመር ማንበብ፣ አላምንህም ማለት ነው። እኛ እንዲያ አላደግንም። ፈርመን፣ አመስግነን እንወጣለን።

አንድ ዓመት፣ "እናትህን የምትጦራት አንተ አይደለህም እንዴ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ፤ በየወሩ ደሴ እልክላታለሁ።"

"ታዲያ ዲፔንደንት ብለን ክሌይም እናደርጋታለን፤ ታክስህ ይቀንሳል። መብትህ ነው። እዚህ ጋ ሳይን አድርግ።"

ሳይን አደረግሁ።

በዓመቱ የእናቴ አንድ ዓይን ጠፋ። ሐኪሙ ሌላውም ቶሎ ካልታከመ እንደሚከተል፣ ውጭ ብትታከም ግን ሊተርፍ እንደሚችል ነገራት። ላስመጣት ተነሳሁ። ማውንቴን ቪው ደህና ሥራ ነበረኝ፤ አለቃዬ ሳይቀር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ለቪዛው ከሚያስፈልጉት አንዱ የታክሴ ቅጂ ነበር። ያን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያኔ ነው። ከወሎ ወጥታ የማታውቀው እናቴ ዓመቱን ሙሉ ኦክላንድ አብራኝ ኖራለች ይላል።

በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ኢትዮጵያ ያለችን እናት ሕጉ በተጧሪነት አይቀበልም። ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር። አውቆ፣ ሳይነግረኝ፣ እናቴን በብዕሩ ባሕር አሻገራት።

ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። "ጋሼ፣ አሁን ቪዛ ስጠይቅላት ምን ልበል? እርስዎ ካልመሰከሩልኝ እኔ ዋሾ መሆኔ ነው" አልኩት።

"አትረበሽ፤ ታክስ ቢሮ አብረን እንሄዳለን። የጻፍኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እውነቱን ባልናገር ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አለኝ። እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ዳውንታውን ኦክላንድ ታክስ ቢሮ ገባን። ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላብጣ ማን እንደሞላው ጠየቀች። ጋሼ ክራቫቱን አስተካከለና በዚያ ባማረ እንግሊዝኛው፣ የሞላው የተነገረውን ብቻ እንደሆነ፣ እናቴ አብራኝ ትኖራለች ያልኩትም እኔው ራሴ እንደሆንኩ አስረዳት። ዞሬ አየሁት። እሱ የሚያየው ሴትዮዋን ነበር።

ደረጃውን ስንወርድ፣ "አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ያልፍልሃል። እኔ ግን ላይሰንሴን ይቀሙኛል፤ አንደርስታንድ አድርገኝ እንጂ" አለኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ይኼኛው ጥሎኝ ሲያበቃ ተረዳኝም አለ።

ጓደኞቼስ? "ታላቅህን እንዴት ቢሮ ለቢሮ ትጎትታለህ?" ብለው እኔኑ ወቀሱኝ። ሚያዝያ ተቃርቦ ነበራ።

ቪዛው ተከለከለ። መንግሥትን ዋሽቷል የተባለ ሰው ለእናቱ ዋስ መሆን አይችልም። ቅጣቴን ከፍዬ፣ ወረቀቱን አሳርሜ እንደገና እስክጠይቅ የእናቴ ሁለተኛ ዓይን ጨለመ። ተናደድኩ ብል አይገልጸውም። ከዳኝ፤ አባቴ ነው ያልኩት ሰው ከዳኝ።

ለእናቴ ቀድሞ፣ ጋሼ በወረቀቱ እየረዳን ነው ብያት ነበር፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ አልተሳካም ብቻ ነው ያልኳት። ጥቂት ቆይታ ድምጿን በቴፕ ቀድታ ላከችልኝ። እኔን መርቃ ስትጨርስ፣ "ያ ጋሼህ፣ ለእኔ ሲል ወረቀት በመጻፍ የደከመው፣ ዓይኑን ያብራለት። የእኔ የደረሰብኝ አይድረስበት" ትላለች።

ቴፑን ይዤ ሳን ፓብሎ ሄድኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል። ሰላም ሳልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩለት፤ እስኪያፍርም ቆሜ ጠበቅሁ። ምርቃቱ ሲያልቅ ባርኔጣውን አወለቀና "አሜን፣ አሜን" አለ። "ሰላም በልልኝ እናትህን።" ከዚያም ጋዜጣውን አንስቶ ያለ መነጽር ማንበቡን ቀጠለ።

"አንተ ሰው!" አልኩት።