ዱዓ የተደረገበት ኪራይ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰሚራ ደሴ ሥራ አገኘችና የሚከራይ ክፍል ስትፈልግ በቴሌግራም የተለጠፈ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ፎቶው ያምራል፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት፣ አልጋው ላይ አበባ ያለበት አንሶላ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ይላል፤ ቀብድ ቀድሞ ላስገባ ሰው ቁልፉ በመልእክተኛ ይደርሰዋል። ዋጋው ከሰፈሩ ኪራይ በግማሽ ያንሳል። ባሕር ማዶ ተቀምጦ ለማያውቃት ልጅ በግማሽ ዋጋ ቤት የሚሰጥ ደግ ሰው ዛሬም መኖሩ ደስ ይላል።

ደውዬ ቤቱን በዓይኗ አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አላየሁትም፤ ግን በድምፅ መልእክት ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። አንተ ደግሞ ሰው አታምንም አባ።»

እውነቷን ነው፣ አላምንም። ይህን ጠባይ ግን ከእናቴ ሆድ ይዤው አልወጣሁም፤ ኮምቦልቻ ላይ ነው የሸመትኩት።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። ሚስቴ ሀዋ ቢስቲማ በምትባል የገጠር ከተማ እናቷ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችንን እዚያው በምጥ አጥተነዋል፤ መኪና እስኪገኝ ስንጠብቅ። ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪም ቤት አጠገብ ካልሆንኩ አልወልድም አለች። ስለዚህ ወሯ ሳይገባ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ማግኘት ነበረብኝ።

አንድ ደላላ ቤት አለ ሲለኝ ሀዋም ልታየው መጣች። ደሴ ላይ ተቀበልኳት። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ጋቢዋን ተከናንባ ነበር፤ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢው ክንዷ ላይ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍልና የራሱ ቧንቧ አለው፤ ግቢው ውስጥ ፍሬ ያዘለ ፓፓዬ ቆሟል። ደላላው «አባባ» እያለ የሚያሽቆጠቁጥላቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ወጥተው አስገቡን። ፓፓዬ ቆርጠው፣ ሎሚ ጨምቀውበት አቀረቡልን። ከየት እንደመጣን፣ ለሀዋ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ ጠየቁ። እሷም ስለሞተው ልጃችን ነገረቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኔ መንገዱን ሁሉ የምጠይቀውን ሳጠና ነው የመጣሁት፤ የቤቱን ካርታ፣ መታወቂያቸውን፣ ምስክር ፊት የሚፈረም ውል። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን ለዱዓ አነሱ።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ በሰላም ገላግላት። በወሰድክባት ፈንታ ካሳት። ይህን ቤት የሕፃን ድምፅ የሚሰማበት አድርገው።»

አሚን አልን። ደላላው ከማናችንም በላይ ጮክ ብሎ አሚን አለ።

በእኛ አገር ከዱዓ በኋላ ፊት በእጅ ከተዳበሰ ነገሩ አልቋል። ዱዓ ከተደረገ በኋላ «ለመሆኑ ቤቱ የእርስዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከነዘሩ ይሰደባል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውል ሕግ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አሚንን የሚያፈርስ አንቀጽ የጻፈ ሕግ አዋቂ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሦስት ወር ኪራይ ከፍዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። «ቤታችሁ ነው ልጆቼ» አሉን።

በሳምንቱ ፍራሻችንን በጋሪ ጭነን ስንደርስ በሩ ላይ ሌላ ጋሪ ቆሟል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ፓፓዬው ሥር አስቀምጣ ዕቃ ታስገባለች። አንድ መምህር መጽሐፍ የሞላ ካርቶን እንደተሸከመ ቤቱ የእኔ ነው ይላታል። እኔም ቁልፌን አወጣሁ።

«አትድከም» አለኝ መምህሩ፣ «የእኔም ይከፍታል።»

ሴትዮዋ የሀዋን ሆድ አየችና «ለእናንተም ዱዓ አደረጉላችሁ?» አለች።

«ለልጃችን» አለች ሀዋ።

«ለእኔ አባት ለሌላቸው የቲሞቼ።»

መምህሩ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «ለእኔ ለዕድገቴ ነበር» አለ።

ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ጫጫታውን ሰምታ ወጣችና ነገሩን ገለጠችልን። ሽማግሌው ተከራይ ነበሩ። የቤቱ ባለቤት ደሴ የምትነግድ ሴት ናት፤ ቤቱን ልቀቁ ብላቸው ከትናንት ወዲያ ወጥተዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። «ምነው ብትጠይቁን፤ አንድ በር ማንኳኳት እኮ ነው» አለችን። ከሰዓት በኋላ የቤቱ ባለቤት አዲስ ጓጉንቸር ይዛ መጣች። አዝናለሁ አለች፤ ማዘኗም ያስታውቅ ነበር። ቆለፈችው።

ገንዘቡ አንገብግቦኛል፣ አልዋሽም። የማልረሳው ግን ያንን እንባ ነው። ሀዋ ስለዚያ ልጅ ለእህቷ እንኳ አታወራም ነበር፤ ለዚያ ሰውዬ ነገረችው። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ሐዘኗን ሰማ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ለካው፣ በልኳ ዱዓ ሰፋላት።

ሀዋ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና «ቢስቲማ መልሰኝ» አለችኝ። መለስኳት። ሰሚራ እዚያው ተወለደች፤ በክረምት፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ። ሁለቱም ተረፉ። ሀዋ ይህን እስከ ዛሬ ለዱዓው ትሰጠዋለች። «ሰውዬው ሌባ ቢሆን፣ የሚሰማው አላህ ሌባ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እኔ የምሰጠው ለአዋላጇ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ደሴ ወጣሁ። የቴሌግራሙን ቤት ከሰሚራ ጋር ፈለግነው፤ በተባለው ሰፈር እንዲያ ያለ ቤት አይቶ የሚያውቅ ሰው አጣን። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ግን ሌላ ክፍል ተገኘ። ከመግባቴ በፊት ጎረቤቱን ጠየቅሁ፣ ባለሱቁን ጠየቅሁ። አከራይዋ እማማ ዘይነባ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። አስቀመጡን፣ ሰሚራን የማን ወገን እንደሆነች ጠየቋት፣ ወደዷት። ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ አነሱ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «መጀመሪያ ካርታውንና መታወቂያዎን ቢያሳዩኝ።»

እጃቸው ጥቂት ባለበት ቆየና ወረደ። ሰሚራ አንገቷን ደፋች።

ካርታው በስማቸው ነው። መታወቂያው ከካርታው ጋር ይገጥማል። ውሉን ምስክሮች ባሉበት ተፈራረምን፤ ኪራዩን በራሳቸው ስም ባለ የባንክ ሒሳብ አስገባሁ። አንድም የጎደለ ነገር የለም። ቤት የሚከራይ ሁሉ እንዲህ ያድርግ እላለሁ፤ ነገም ቢሆን እንዲሁ ነው የማደርገው።

ሰሚራ ቁልፉን ተቀብላ ወዲያው አልሄደችም፤ ይመርቋት እንደሆነ እጇን አጣምራ ፊታቸው ቆመች። እማማ ዘይነባ እጃቸውን ዳግም ሳያነሱ «በሉ በሰላም ግቡ» ብለው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ቤት ውስጥ ልጄ ሳትመረቅ ገባች።