አባቴ የነበረበት ሰማይ

ቀራንዮ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ይራገማል፤ እኔ ብቻ ስለቱ እንደሰመረለት ሰው ካሜራዬን ይዤ እሮጣለሁ። ከተማው ካልጨለመ ኮከብ የት ይታያል! የዛን ቀን ማታም ድርግም ሲል፣ ገና ያላለቀው ፎቃችን ሶሌታ ላይ ወጥቼ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አሰርኩ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ተከተለኝ።

«ደሞ ሰማይ ምን ሆነ ብለህ ነው?»

«አባዬ፣ እዛ ጥግ ቁጭ በልልኝ። ካሜራው በጨለማ ሲያነሳ ስለሚቆይ ከተንቀሳቀስክ ትደበዝዛለህ።»

«ትንፋሼንስ ልያዝልህ?»

ሳቄን አፍኜ አነሳሁት። ወጣ! ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሥሩ አባቴ አንጋጦ። እንደዚያ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም።

ኮምፒውተር ስለሌለኝ የካሜራውን ካርድ ለአብሮ አደጌ ሰጠሁት። የሰርግ ፎቶ ቤት አለው፤ የማነሳውን ሁሉ የሚያስተካክልልኝ እሱ ነው። ወራት አልፈው አባቴ ታሞ አረፈ። ፎቶ ሲባል የሚሸሽ ሰው ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ያቆምነው ከመታወቂያው ላይ ያሳደግነውን ጉርድ ነው። ለአርባው ያንን የሶሌታውን ፎቶ ላሳጥብ ብዬ ስጠይቀው አብሮ አደጌ ራሱን ነቀነቀ።

«ካርዱ ተበላሸ ወንድሜ። ምንም አልተረፈም።»

አቅፎኝ አለቀሰ። እኔ ሞኙ ደግሞ አጽናናሁት!

በቀደም ሳንሱሲ የሥራ ባልደረባዬን ሚስት አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። እንደ ወጉ ገና ከመቀመጤ የሰርግ አልበማቸው ጭኔ ላይ ተደረገ። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ መሃል ላይ አንዱን ገጽ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ሰማዬ! ሶሌታው፣ የቆመው ፌሮ ሁሉ የኛ ነው። አባቴ በተቀመጠበት ጥግ ግን ሙሽሮቹ ተቃቅፈው ቆመዋል።

«አያምርም?» አለችኝ አራሷ።

«ያምራል» አልኳት። ምን ልበላት?

ከዚያ በቀጥታ አብሮ አደጌ ፎቶ ቤት ሄድኩ። አልካደኝም።

«ሙሽሮቹ የተለየ ነገር ካላመጣህ ብለው ወጥረው ያዙኝ። ሰማዩን ብቻ ነው የወሰድኩት። በኋላ መናገር ፈራሁ።»

«ሰማዩን ላገባ ሁሉ አድለው! አባቴ ያለበትን ስጠኝ።»

ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «እሳቸውን አጥፍቼ ላዩ ላይ ሴቭ አደረግሁት። ካርዱንም ለሌላ ሰርግ ፎርማት አድርጌዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሳይታመሙ።»

ብው አልኩ። ከአባቴ እጅ ጎርሶ ያደገ ሰው አባቴን በቁሙ አጠፋው። ከዚያ መጥቶ አስከሬኑን ከእኔ ጋር ተሸከመ።