ያልጎረሰው ሰው

ባለፈው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ማጋሊስበርግ ተራራ ለሽርሽር ሊሄዱ ሲመዘገቡ፣ አንተስ አሉኝ። አይቼዋለሁ አልኩ። ያን ተራራ ያየሁት ታላቅ ወንድሜ አበራ በሕይወት በነበረበት የመጨረሻ እሑድ ነው።

ያኔ ከሆሳዕና ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ነው የመጣሁት። ከፕሪቶሪያ ወደ ደቡብ፣ ጻካኔ በምትባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በአበራ ስፓዛ አብሬው እሸጥ ነበር። በብረት ፍርግርግ የታጠረች ጠባብ ሱቅ ናት። ዳቦውንም፣ ሲጋራውንም፣ ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድም በቀዳዳዋ እናቀብላለን። ደንበኞቹ ሁላችንንም "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉን፤ ስም የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን አበራ፣ "ይህን አገር እስካሁን ያየሁት በዚህች ቀዳዳ ነው" አለ። "እሑድ ዘግተን እንደ ቱሪስት እንዞራለን።"

መኪና ያለው ደሳለኝ ነበር። የአገራችን ልጅ ነው፤ ሱቁ ከእኛ ፊት ለፊት። ደንበኞቹ ወደ እኛ ስለዞሩበት ከአበራ ጋር ለወራት ተኳርፈዋል። "ከዚህ መንገድ አንዳችን እንነቀላለን" ብሎት ነበር፣ እኔ እየሰማሁ። አበራ ግን ቂም መያዝ አይችልበትም። "አብረን ዞረን፣ አብረን በልተን እንታረቃለን" አለና ጠራው። ደሳለኝ ወዲያው እሺ አለ። እሺ ያለበት ምክንያት የገባኝ ኋላ ነው።

መጀመሪያ ሌኔዢያ ሄድን። እዚያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሕንዶች ናቸው። አበራ ቤተ መቅደሳቸውን ካላየሁ አለ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ደወል፣ ብርቱካንማ አበባ፣ የተፈለጠ ኮኮናት። አንድ ሽማግሌ ጠባቂ እንግሊዝኛችንን ታግሶ ስለ አያቶቹ አገር አወራን። በወንዝ ዳር ስላለች የተሳላሚዎች ከተማ፣ ማታ ማታ በቅጠል ላይ መብራት አብርተው ወንዙ ላይ ስለሚለቁ ሰዎች፣ ከዚያም በባቡር ወደ ላይ ሲወጡ ጉም ስለሚውጣት የተራራ ከተማ። አበራ አፉን ከፍቶ ሰማ። "አንድ ቀን እሄዳለሁ" አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ከጻካኔ ወጥቶ የማያውቅ ሰው!

ሽማግሌው በቅቤና በስኳር የተሠራ ጣፋጭ በመዳፋችን አኖረልን። አበራ በላ። እኔም በላሁ፤ ሞቅ ያለ ነበር፣ ሄል ሄል ይላል። ደሳለኝ እጁን ሰበሰበ።

"ለጣዖት የተሠዋ አልበላም።"

"ሽማግሌ የሰጠው እምቢ ይባላል እንዴ?" አለ አበራ።

በዚህ አልፈረድኩበትም። ጴንጤዎች ነን። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናስባለን።

ከዚያ ፕሪቶሪያ። የጃካራንዳ ወቅት ነበር። መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ፣ አበባው ከመኪናው ጎማ ሥር ጧ ጧ ይላል። የድሮዎቹን የመንግሥት ሕንፃዎች እያየን ዞርን። አበራ በየሐውልቱ ፊት እየቆመ ፎቶ አንሳኝ ይለኛል። ደሳለኝ ከጎኑ አልቆመም። "አንተ ቁም" ስለው "እኔ ፎቶ አይወጣልኝም" ነው ያለኝ።

ማጋሊስበርግ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። በገመድ በሚሳብ ሳጥን ወደ ላይ ወጣን። አበራ እንደ ሕፃን ጮኸ። ከላይ ሲታይ ከተራራው ሥር ያለው የግድብ ውሃ እንደ መስታወት ያበራል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ያገራችንን ደጋ ይመስላል። ሣሩ ላይ ምሳችንን ዘረጋን። ዶሮ ጥብስ፣ ዳቦ፣ አበራ ራሱ የወቀጠው ዳጣ። ደህና አድርጎ ጠቀለለና ለደሳለኝ ዘረጋለት።

"በል፣ የዕርቃችን ነው።"

"ሆዴን መንገዱ አውኮታል።"

"ጣዖቱ ዶሮዬንም ነካው እንዴ?" አበራ ሳቀ። ጉርሻውን ለእኔ ሰጠኝ።

በማግስቱ ሰኞ ዕቃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። ሁለት ልጆች መጥተው በዚያች በቀዳዳዋ ተኩሰውበት ሄደዋል። ምንም አልወሰዱም። ገንዘቡም ሲጋራውም ባለበት ነው። ወንድሜን ብቻ።

ለቅሶው የአክስታችን ልጅ እትዬ አልማዝ ቤት ሆነ። ድንኳን ያስተከለው ደሳለኝ። ወንበር ያመጣው ደሳለኝ። ከሁሉ በላይ ጮኾ ያለቀሰው ደሳለኝ። "ትናንት እንኳ ሲዝናኑ ነበር የዋሉት፣ ታርቀው" ይባላል። ወጥ ለሰው ሁሉ ሲያድል አየሁት። እትዬ አልማዝ ውሃ ስትሰጠው ብርጭቆውን ይዞ ወጣና ሳይጠጣ ሣሩ ላይ ደፋው።

ያኔ ነው የገባኝ።

በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ከሟች ወገን ጋር እህል አይቀምስም። ሽማግሌ ገብቶ ካላስታረቀ ውሃም አይጠጣም። ከበላ ዘሩ ይጠፋል ይባላል። ወንጌል ከገባ ወዲህ ይህ ቀርቷል ይላሉ። ከአፍ ቀርቷል። ከሆድ አልቀረም። የተራራው ምሳ ትዝ አለኝ። ለካ ያን ቀን ልጆቹን ቀጥሮ ነገሩን ጨርሶ ነበር፤ ለሽርሽሩ እሺ ያለውም ታርቀዋል እንዲባል ነው።

ቢላ አሰብኩ። ሽጉጥ የሚያከራይ ልጅም አውቅ ነበር። ግን እሱን ብገድለው፣ አልቅሶ የሚቀብረው ሰው ሞልቷል። ያ አልበቃኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦና እንቁላል ቀረበ። ፓስተሩ ጀርባዬን ዳሰሰኝ።

"ብላ ልጄ፣ ልትወድቅ ነው።"

"እሺ ፓስተር። ብቻዬን ግን አይወርድልኝም። ከደሳለኝ ጋር ልብላ። የወንድሜን የመጨረሻ እሑድ አብሮት የዋለ እሱ ነው።"

"እውነቱን ነው!" አለች እትዬ አልማዝ። "እሱም እኮ እስካሁን እህል አልቀመሰም። ና ደሳለኝ!"

መጣ። ፊቱ ፈገግ ለማለት ይታገላል። እንቁላሉን በዳቦ ያዝኩና ወደ አፉ ዘረጋሁ።

"በአበራ ስም።"

"አንተ ብላ ማሙሽ። እኔ ቆይቼ..."

"አንዲት ጉርሻ ናት።"

"ጾም ይዣለሁ።"

"መቼ ያዝከው?" አሉ አቶ ላምቤቦ። ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። "ማታ ወጥ ስታድለን ጾመኛ ነኝ አላልክም።"

"ጾም የሐዘንተኛን እጅ አይመልስም" አለ ፓስተሩ በየዋህነት። "ጉረስ ወንድሜ።"

አፉን ከፈተ። ዳቦው ከንፈሩን ነካው። ግንባሩ ላብ አወጣ። አፉን መልሶ ዘጋው። አቶ ላምቤቦ የያዙትን ዳቦ ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱ። ከጎናቸው ያለውም መለሰ። ቤቱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ጠፋ። እኔ እጄን አላወረድኩም። ደሳለኝ ተነሣና በሰዎቹ መሐል ወጣ። ማንም "ወዴት ነው?" አላለውም።

ፖሊስ ማስረጃ አለህ ወይ አለኝ። ጉርሻ እምቢ ማለት ለፖሊስ ማስረጃ አይሆንም። ገዳዮቹም አልተያዙም። ደሳለኝ ሱቁን ሸጦ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሌላ ሰፈር ገባ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። እዚያም፣ ዳቬይተን በሚባለው ሰፈርም፣ የአገራችን ሰው ሠርግ ሲኖረው አይጠራውም። ቢመጣም ከአንድ ሳህን አብሮት የሚበላ የለም። ብቻውን እንደሚበላ ስሰማ ደስ ይለኛል። ይህን አልደብቅም።

ፓስተሩ እያገኘኝ "ይቅር በለው፣ እስከ መቼ?" ይለኛል። እኔ ይቅርታ ከልክዬው አላውቅም። ይምጣና ከእጄ ይጉረስ። እስካሁን አልመጣም።