የቢሾፕ ኤልዚ አሥራ ሰባተኛ መጽሐፍ

ኤልዚ ባርክስዴል ቢሾፕ ከመባሉ በፊት፣ በጥጥ ለቀማ ወራት ከጆንያው ግርጌ የደረቀ ጓል እየከተተ ሚዛን ያስደፋ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ሃክቤሪ ውስጥ ብዙ አልቀረም። የቀሩትም አርጅተዋል። ግማሾቹን ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ አስከሬናቸው ከእሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲወጣ ስለሚፈልጉ አፋቸውን ይዘዋል። ዜልማ ቴት ግን ታስታውሳለች። ዜልማ ምን ትረሳለች! የጓሉን መልክ ሳይቀር ትነግራችኋለች።

ሰውዬው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከወንዙ ግድብ ሥር በተተከለ የጉባኤ ድንኳን ውስጥ ወድቆ በልሳን ተናገረ። ሰው ሁሉ «ክብር ለጌታ!» አለ። የገዛ እናቱ ብቻ፣ «ይኼንኑ ድምፅ ዝይ ያባረረችው ቀን ሰምቼዋለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሰባኪ ሆነ። ለዜማ አልተፈጠረም፤ መዝሙር ሲያነሳ ውሻ ከበረንዳ ሥር ይወጣል። ለስብከት ግን ድምፅ ነበረው፤ ይኼን ማን ይክደዋል። አፉን ሲከፍት የመስኮቱ መስታወት ይነዝር ነበር። በዚያ ድምፅ የቆርቆሮውን ዳስ ወደ እንጨት፣ የእንጨቱን ወደ ጡብ ለወጠው። የእሁድ ጠዋት ሬዲዮ ገባ። በእኛ በኩል፣ በአርካንሳስ ከወንዙ ወዲህ ያሉ አሥራ አራት አብያተ ክርስቲያናት በእሱ ሥር ሆኑ፤ ቢሾፕ ተባለ፤ ዱሮ ከጭቃ ጋር ሲታገል የነበረ እግሩም ከምንጣፍ አልወርድ አለ።

ከዚያ ደራሲ ሆነ። የመጀመሪያው መጽሐፉ ስለ አርባ ቀን ጾም ነበር። ሚስቱ እህት ኮርዴሊያ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እሱን በጻፈበት አርባ ቀን አርባ አምባዛ ጠብሼለታለሁ» ትል ነበር። ሁለተኛው ስለ ትሕትና ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም የራሱ ፎቶግራፍ አለበት። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ደረሰ።

በመጽሐፎቹ የሞላውን ይህን ሁሉ ተአምር ከየት ያመጣው ነበር? ከእኛው ነዋ! ረቡዕ ረቡዕ የምስክርነት ጉባኤ አለ። ሰው እየተነሳ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል፤ ቢሾፑ ከፍ ባለች ወንበሩ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። እኛ ሞኞቹ ደግሞ ደስ ይለን ነበር። «ዛሬ የኔን ጻፈው!» እያልን ቤታችን ድረስ እናወራዋለን። መጽሐፉ ሲወጣ ታዲያ ተአምሩ የእኛ፣ እጁ የእሱ ሆኖ እናገኘዋለን። የሆሴያ ላይል በቅሎ ታማ ተኝታ በሦስተኛው ቀን ብትነሳ፣ በመጽሐፉ ላይ ኤልዚ ግንባሯን ዳስሶ አስነሳት። ሆሴያ ሲነበብለት፣ «ያቺ በቅሎ እኔን እንኳ ግንባሯን አታስነካኝም። እሱን ብታገኘው ኖሮ ዛሬ የሚጽፍበት እጅ ባልኖረው» አለ። ሳቅንና ተውነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ኤልዚን ግን ስልሳ ዓመት አደመቀው።

አሥራ ሰባተኛው መጽሐፍ ስለ ገዛ ሕይወቱ ነበር። ለስልሳኛው የአገልግሎት በዓሉ ታተመ፤ ከበዓሉ ቀጥሎ ካለው እሁድ ጀምሮ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ልጆች ትምህርታቸው እሱ እንዲሆን ታዘዘ። ለየልጁ አንዳንድ ታደለ። ዜልማም አንድ ደረሳት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረችው፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች ምዕራፍ አራት ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እንዲህ ይላል፦

«ወደ ቤቱ ስገባ ሕፃኗ አይቮሪ ትንፋሿ ተቋርጦ ነበር። እናቲቱ፣ እምነቷ የደከመ አንዲት አጣቢ ሴት፣ ጥግ ይዛ ተስፋ ቆርጣ ታለቅስ ነበር። እኔም ሕፃኗ ላይ ተዘርግቼ ዘይት ቀባኋት፤ ነፍሷም ተመለሰች።»

ዜልማ መጽሐፉን ዘግታ ገባችና የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች። እንደገናም አጠበችው። አጣቢዋ ሴት እናቷ ነበረች።

ያን ቀን እንደ ትናንት ነው የምታየው። ውሃው ግድቡን የጣሰበት ዓመት፣ ጥር ወር፤ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አይቮሪ ስምንት ወሯ። ሕፃናትን የሚያንቀው የጉሮሮ በሽታ ገብቶ ከንፈሯ ጠቁሯል። እናታቸው ሮክሲ ቴት፣ «ሂጂ፣ ያን አዲሱን ሰባኪ ጥሪልኝ» አለቻት። መጣ፤ እስከ አጥሩ። ከአጥሩ ውጭ ካለችው፣ እንደ ለውዝ የሚበላ ፍሬ ከምታፈራው የፔካን ዛፍ ሥር ቆመና አዲስ ጫማውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ «ይተላለፋል እንዴ?» አለ። ይተላለፋል ስትለው እዚያው ሆኖ፣ «እመኚ ብቻ፣ እህቴ!» ብሎ ጮኸ። ሮክሲ ሁለተኛ አልጠራችውም። ቤት ውስጥ የሚቀባ ዘይት አልነበረም። ከምድጃው አጠገብ ካለው ጣሳ የአሳማ ሞራ በአውራ ጣቷ ዛቅ አድርጋ የልጂቱን ግንባር፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ቀባችና፣ «ጌታ ሆይ፣ ያለኝ ይኼ ነው፤ ታውቃለህ። ይቺን ልጅ ግን አልሰጥህም» አለች። ይህንኑ ለሦስተኛ ጊዜ ስታደርግ ሕፃኗ እንደ ቆዳ ቁራጭ ያለ ነገር አሳለችና አለቀሰች። የምሥራቹን ሊነግሩት ሲወጡ ኤልዚ የለም። ዛፏ ሥር የተፈለፈለ የፔካን ቅርፊት ተከምሮ ነበር። ቆሞ ሲበላ ነበር ለካ።

ሮክሲ ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተች። መቃብሯን በማግስቱ ጎርፍ ወሰደው፤ ድንጋይ የላት፣ ፎቶግራፍ የላት። በዚህ ምድር ላይ የቀራት ያቺ አንዲት ጸሎት ነበረች። አሁን እሷም ተወሰደች፤ ያውም የሃክቤሪ ልጆች እምነቷ የደከመ ብለው በቃላቸው ሊይዟት ነው።

ቅዳሜ አይቮሪ የበቆሎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዜልማ ናት ያሳደገቻት። አይቮሪ ዛሬ ስልሳ ዓመቷ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች ናት፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሁለት የመዝሙር መጽሐፍ ደርባ ነው የምትቀመጠው። ዕድሜዋን ሙሉ ቢሾፑ በየጉባኤው «የተአምሯ ልጅ፣ ተነሺ!» ሲላት ተነስታለች። የዚያን ቀን ታሪክ ከኤልዚ በድምፅ ማጉያ፣ ከዜልማ ደግሞ በሹክሹክታ ነው የሰማችው፤ ድምፅ ማጉያው ያሸንፋል።

«አነበብሽው?» አለቻት ዜልማ።

«አነበብኩት። ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል።»

«የእማዬስ?»

አይቮሪ ዳቦውን መቁረጥ ጀመረች።

«አንድም ጊዜ! አንዲት አጣቢ ሴት ነው ያላት።»

«እትዬ፣ ታጥብ አልነበር እንዴ?»

«ታጥብ ነበር። የእሱንም ሸሚዝ አጥባለታለች። የደከመው እምነቷ ሳይሆን ወገቧ ነው። ነገ ተነስቼ እናገራለሁ።»

«በበዓላቸው ቀን? ሰው ፊት ታዋርጂናለሽ! ሽማግሌ ሰው ናቸው እኮ።»

«እኔስ ኮረዳ ነኝ?»

«መሐረባቸውን ካወጡ እጫወታለሁ፣ እትዬ። ሥራዬ ነው።»

«ተጫወቺ። እኔም የኔን ሥራ እሠራለሁ።»

የመሐረቡን ነገር እኛ ሁላችን እናውቃለን። ምስክርነት የመንፈስ ነውና ማንም ሰው «ይበቃል፣ ተቀመጥ» አይባልም። በመዝሙር ግን ይሸፈናል። ነገር የረዘመበት ወይም ያልጣመው ጊዜ ቢሾፑ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ይጠርጋል፤ አይቮሪ ኦርጋኑን ትረግጠዋለች፤ ከበሮው ይከተላል፤ ሰው ይነሳል፣ ያጨበጭባል፤ ተናጋሪው አፉን እንደ ዓሣ ከፍቶ ይቀመጣል። ዲያቆን ሩፈስ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ሊናገር በተነሳ ቁጥር «ጣ» ላይ ነው የሚሸፈነው።

እሁድ የጡቡ ቤት ጢም አለ። አንዱ ተነስቶ ቢሾፑን ሙሴ አለው፣ ሌላው ኤልያስ አለው፤ እሱም ከወንበሩ ላይ ሆኖ እንደ ጠገበ ድመት ዓይኑን ይጨፍናል። ዜልማ ነጭ ለብሰው ከሚቀመጡት እናቶች መካከል ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች።

«ስለዳንኩ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስለተሞላሁ ጌታን አመሰግናለሁ።»

«አሜን! ተናገሪ፣ እማማ!»

«ቢሾፓችን ስለ እናቴ ጽፈዋል። ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ስሟን ረስተውታል። ላስታውሳቸው ነው የተነሳሁት። ሮክሲ ቴት ትባል ነበር።»

«ሮክሲ ቴት! አሜን!»

ቢሾፑ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ያን ቀን ቤታችን ዘይት አልነበረም። አንድ ጠብታ እንኳ። የነበረን የአሳማ ሞራ ነው፤ የቀባችውም…»

መሐረቡ ወጣ።

ኦርጋኑ አገሳ። ከበሮው ገባ። አራት መቶ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፤ የዜልማ ድምፅ እንደ ጠጠር ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ግን አልተቀመጠችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቢሾፑን ትታ አይቮሪን አየቻትና አውራ ጣቷን አነሳች። የራሷን ግንባር ነካች፤ ከዚያ ጉሮሮዋን።

አይቮሪ ያቺን ጣት ታውቃታለች። በልጅነቷ ባተኮሳት ቁጥር፣ ኩፍኝ ሲይዛት፣ ሳል ሲይዛት፣ ያቺ ጣት ሞራ ሞራ እየሸተተች መጀመሪያ ግንባሯ ላይ፣ ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ ታርፍ ነበር። ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም። ቢሾፑ ግን አንድ ቀን እንኳ ነክቷት አያውቅም፤ «ተነሺ» ነው የሚላት።

እጇን ዘርግታ ኦርጋኑን አጠፋችው።

ኦርጋኑ እንደሚተኛ በሬ ተንፍሶ ዝም አለ። ከበሮው ብቻውን ሁለቴ መትቶ አፈረ። ጭብጨባው ተንጠባጥቦ አለቀ።

«እህት አይቮሪ፣» አለ ቢሾፑ፣ «መብራት ሄደ እንዴ?»

«መብራቱስ አለ፣ ቢሾፕ። ልሰማ ነው።»

ሲጨንቀው ራሱ መዝሙር አነሳ። በዚያ ድምፅ! ሦስት ሰው ሊከተለው ሞከረና ዜማው የት እንዳለ ጠፍቶት ተወው። አንድ መስመር ከግማሽ ዘምሮ እሱም ቆመ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ማራገቢያውን አነሳ።

ዜልማ ሁሉንም ተናገረች። ጣሳውን፣ አውራ ጣቱን፣ «አልሰጥህም» ያለችውን። ሲያልቅ አይቮሪ ከመዝሙር መጽሐፎቿ ላይ ሆና፣ «ቢሾፑስ የት ነበሩ፣ እትዬ?» አለች።

«ከአጥሩ ውጭ። ፔካኗ ሥር። ወጥተን ስናይ እሳቸው የሉም፣ ቅርፊቱ አለ።»

ከዚያ ከኋላ የሆሴያ ላይል ድምፅ፣ «እኔም በቅሎዬን በተመለከተ ትንሽ ምስክርነት ነበረኝ» አለ፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቶቹ ነጭ ቀሚሳቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ኤልዚ ግን ኤልዚ ነው። አላፈረም፤ ማፈር የሚባል ነገር ሲፈጠርም አልተሰጠው። ሳቁ ሳይበርድ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ!

በሳምንቱ መጽሐፉ ከልጆቹ እጅ «የማተሚያ ቤት ስሕተት ስላለበት» ተብሎ ተሰበሰበ። በመከር ተስተካክሎ ታተመ፤ ዜልማም በረንዳዋ ላይ ምዕራፍ አራትን ገለጠች። «ታላቅ የእምነት ሴት የነበረችው እህት ሮክሲ ቴት፣ በአሳማ ሞራ ቀብታ ልጇን ከሞት አፍ ነጠቀች። እኔም ጌታ ባዘዘኝ መሠረት በፔካን ዛፍ ሥር በጾም ቆሜ ነበር» ይላል።

«በጾም!» አለች ዜልማ፣ እና ሳል እስኪያንቃት ሳቀች።

ከዚያ መቀስ አመጣች። የእናቷ ስም ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ጾሙን አስቀርታ፣ ቆረጠችውና መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ፣ የቤተሰቡ ልደትና ሞት በሚጻፍበት ገጽ ላይ በሙጫ ለጠፈችው። ድንጋይ ለሌላት ሴት ይኼም ድንጋይ ነው። የቀረውን መጽሐፍ ለአይቮሪ ሰጠቻት። አይቮሪ ከሁለቱ የመዝሙር መጽሐፎች በላይ ደርባ ትቀመጥበታለች፤ አሁን ኦርጋኑን በደንብ ትደርስበታለች ይባላል።