ሰብሊ በየትኛው መንገድ ትሂድ?

ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት፤ ኋላ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴው ቀድሜ ልናገር።

ሰብሊ ጅቡቲ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። አመጣጧ እንደ ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ነበር። ጀልባው እስከሚነሣበት እስከ ኦቦክ ድረስ ሄዳ ባሕሩን አይታ ተመለሰች። ለምን ተመለስሽ ሲሏት «ውኃው ፊቱ አላማረኝም» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የላትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ተቀጥራ ታድራለች፤ መጀመሪያ የአገሬው ሰዎች ጋ፣ ቀጥሎ የመኖች ጋ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ፈረንጆች ጋ። ፈረንሳይኛዋን ከወጥ ቤትና ከልጆች አፍ ነው የለቀመችው፤ ትናገራለች፣ ማንበቡ ላይ ግን የለችበትም። እኔ በዕውቀቱ እባላለሁ፣ ወደቡ ላይ የትራንዚት ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የፈረንሳይኛ ሰነድ ሳገላብጥ ስለምውል የእኛ ሰዎች ወረቀት ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። የሐኪም፣ የፍርድ ቤት፣ የፍቅር ደብዳቤ ሳይቀር አንብቤያለሁ።

ሰብሊ በዚህ ሁሉ ዓመት የመኖሪያ ካርድ አልነበራትም። ካርድ የሌለው ሰው አፈሳ ይፈራል፤ መኪና መጥቶ ያገኘውን ሰብስቦ ጠረፍ ይወስዳል። እሷን እስከ ዛሬ ያቆያት አንድ ነገር ነው፤ መታወቋ። ከማርጎ ትምህርት ቤት እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ መንገድ ነበራት። ማርጎ የአሠሪዋ የማዳም ኤሎዲ ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰብሊ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እጇን ይዛ በዚያው መንገድ ታመላልሳታለች። የመናዊው ዳቦ ጋጋሪ ነቢል ከሱቁ እጁን ያነሣላታል። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ዙለይካ ቢጫ ጥላዋን ዘርግታ ጫቱ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ዙለይካ ሶማሌ ናት፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። አፈሳ ባለ ቀን «አቦ ዛሬ በጓሮ ዙሪ!» ብላ የምትመልሳት እሷ ናት። ሰብሊም ለመንገዱ ሰው ሁሉ ማርጎን አስተዋውቃለች፤ ብቻዋን ካያችኋት ያዙልኝ ብላ።

ባለፈው መስከረም የማዳም ባል ለሰብሊ ካርድ ለማውጣት ማመልከቻ ፈረመ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልፈረመላት ሴት ያን ቀን እኔ ቤት መጥታ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲህ ሰው ልሆን ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በእግሯም በአፏም መጠንቀቅ ጀመረች፤ አንዲት ነገር ብትበላሽ ፊርማው ይሰረዛል ብላ።

ወረቀቱ የመጣው በዚሁ መሐል ነው። የማዳም ባል መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነ ሰው ሚስት ገበያ ውስጥ ቦርሳዋን ተነጠቀች። መሥሪያ ቤቱ ተጨንቆ ለውጭ አገር ሠራተኞቹ ሁሉ የጥንቃቄ መመሪያ በተነ። ማዳም ለሰብሊ በቃል አስረዳቻት፤ ሰብሊ ግማሹ ስላልገባት ወረቀቱን ደብቃ ዓርብ ዕለት ይዛልኝ መጣች።

አነበብኩላት። በየቀኑ መንገድ ቀይሩ፣ ሰዓትም ቀይሩ። ስማችሁንና ቤታችሁን ለማታውቁት ሰው አትንገሩ፣ ልጆቻችሁንም እንዲሁ አስተምሩ። የሚከተላችሁ ሰው ያለ ከመሰላችሁ ዞር ብላችሁ ተመለሱ። ስልክ ይዛችሁ መንገድ ላይ አትታዩ። ቀጥሎ አንድ መስመር ነበረ፤ የቤት ሠራተኞች ስለ ቤተሰቡ ውሎ የሚያውቁት ባነሰ ቁጥር ይሻላል የሚል። እሱን ዘለልኩት። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዴት አድርጌ ላንብበው?

«ጋሽ በዕውቀቱ፣» አለችኝ፣ «ግራ የሚጋባው ሌባው ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ሌባው ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ እኔን የሚጠብቁኝ ሰዎች በየት ያግኙኝ?»

እንደ ትልቅ ሰው «ካርዱ እስኪወጣ ያሉሽን አድርጊ» አልኳት። ይኸው ነው ምክሬ፤ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ያሉትን አደረገች። ስልኳን ቤት ትታ ወጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ቀን በባሕሩ በኩል፣ አንድ ቀን በባንኮቹ በኩል፣ አንድ ቀን ጭራሽ በማታውቀው በኩል ማርጎን አመላለሰች። ማክሰኞ ዕለት ተራው ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሠፈር የሚያልፈው መንገድ ነበር። ጠባብ ነው፣ የቆርቆሮው ሙቀት ይጋረፋል፣ ሁሉም ማዕዘን አንድ ይመስላል። ከኋላዋ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲመጣ አየች። ይከተለኛል ብላ ዞረች። ሰውዬው አለፋት። መንገዱ ጠፋባትና እንደገና ዞረች። ሦስተኛ ጊዜ እዚያው በር ላይ ስትደርስ ደጃፍ የተቀመጠች ሴት ብድግ አለች። የምታየው ግልጽ ነበር፤ ላብ ያጠመቃት ሐበሻ አንዲት ነጭ ልጅ እየጎተተች ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሴትዮዋ ጮኸች። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ፣ ፖሊስም መጣ። ልጅ ሰርቃለች ተባለ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝቅ ብሎ ማርጎን በፈረንሳይኛ ስሟን ጠየቃት። ማርጎ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። የት ነው ቤትሽ? ዝም። ይቺ ሴት ማናት? ዝም። ልጅቷ የተማረችውን ነው የምታደርገው፤ እናቷ ማታ ማታ ስታስጠናት ሰብሊ ራሷ ሰምታለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ያን ቀን ግን የማርጎ ዝምታ ሰብሊን ሊያሳስር ደረሰ።

«የማን ልጅ ናት?» አላት ለሰብሊ።

«የማዳም።»

«የትኛዋ ማዳም?»

እሷም ዝም አለች። ፖሊስ የማያውቁት ሰው ነው ወይስ አይደለም? ወረቀቱ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም። ቤቱን ብትናገር መመሪያውን ጣሰች፣ ባትናገር ሌባ ልትባል ነው። በዚህ ላይ ካርድሽን አምጪ አላት። አሥራ አንድ ዓመት የሸሸችው ነገር አሁን በሌላ ሰው ልጅ ምክንያት መጣ።

«እሺ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንቺን የሚያውቅ ሰው የለም?» አላት መጨረሻ ላይ።

«ዙለይካ» አለች። «ጣቢያው አጥር ሥር፣ ባለ ቢጫ ጥላዋ።»

ፖሊሱ ሳቀ። ዙለይካን ያውቃታል፣ ጫቱን የሚገዛው ከእሷ ነው። ደወለላት።

ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው። ጅቡቲ የኖረ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ጫቱ ከጠረፍ የሚገባው ያኔ ነው፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ለዙለይካ የቀኑ እንጀራዋ ናት። እሷ ግን ጠረጴዛዋን ለጎረቤቷ ትታ በታክሲ መጣች፣ ሳትወርድም መጮኽ ጀመረች። ይቺ ሰብሊ ናት፣ ያቺ ማርጎ ናት፣ ቤታቸው እዚህ ቦታ ነው፣ በሩ ሰማያዊ ነው። ፖሊሱ አሁንም ልጅቷን እያየ ሲያመነታ፣ «አላመንክም? የላይኛው ጥርሷ እኔ ፊት ነው የወለቀው፤ አፏን እይ!» አለችው። ማርጎ አሁንም ቃል አልወጣትም። አፏን በሰፊው ከፈተችና አሳየች።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ፖሊሱም ለቀቃቸው። ካርዱን አላነሣባትም።

ቤት ሲደርሱ ማዳም ኤሎዲ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ሰብሊንም አቀፈች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጠየቀች።

«ያቺ ሴት የልጄን ስም ከየት አወቀች?»

«ከእኔ» አለች ሰብሊ።

«ቤታችንንስ?»

«ከእኔ።»

«የምታልፉበትን ሰዓት?»

«ያንንም እኔ ነኝ የነገርኳቸው ማዳም። እንዲጠብቁልን ነው።»

ማዳም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሰብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታያት ሁሉ ትክ ብላ አየቻትና፣ ያቺን ሴት ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ባታገኛት ደስ እንደሚላት በትሕትና ነገረቻት። በሳምንቱ መስታወቱ የጠቆረ መኪና መጣ፣ ጫላቸው ከሚባል የእኛው አገር ሹፌር ጋር። የእግር መንገድ ቀረ።

እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ጠረፍ ላይ ወዳለችው ደወሌ ተልኬ አንድ ወር ከምናምን ቆየሁ። ስመለስ ዙለይካ ገና ከሩቅ አይታ ጠራችኝ። ዓይኗ ደፍርሷል።

«ሰብሊን አፈሷት» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«መንገድ ላይ የለችም። ቤቷ ሄድኩ፤ ዘበኛው ሰብሊ የምትባል አላውቅም አለኝ። የታፈሱት የሚያድሩበት ድረስ ሁለቴ ሄጄ ስሟን ጠራሁ። ስልኳ የለኝ። በየቀኑ ለማያት ሰው ስልክ ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ አቦ!»

ዘበኛውም ወረቀቱ ደርሶታል ማለት ነው። እኔም ነገሩ ግራ ገብቶኝ ሰብሊ ጋ ብደውል አነሣችው። ድምፅዋ ደኅና ነው። ዓርብ እመጣለሁ፣ የማሳይህ ነገር አለ አለችኝ። ለዙለይካ ሰብሊ ራሷ ሄዳ ትታያት ብዬ ምንም ሳልነግራት ቀረሁ፤ ይኼም ሌላው ጥፋቴ ነው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ መጣች። ካርዱ ወጥቷል። ፎቶዋ ላይ የተደናገጠች ትመስላለች፣ ስሟ ግን በትክክል ተጽፏል። ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁላትና የዙለይካን ነገር ነገርኳት። ካርዱን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«እኔ እኮ በየቀኑ በአጠገቧ አልፋለሁ» አለች። «አያታለሁ። ማርጎ መስታወቱን ትደበድባለች። እሷ ናት የማታየን።» ቀጥላም ጠየቀችኝ። «ጋሽ በዕውቀቱ፣ ያ ወረቀት ላይ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ነበር?»

የለም አልኳት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም። ሮጣ ዙለይካን ልታገኝ ብትሄድም ዙለይካ ጥላዋን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ገብታ ነበር።

እዚህ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነውና እሑድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሰባት ሰዓት ላይ ከነቢል ዳቦ ገዝቼ ስወጣ ጫቱ ገብቶ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ጥቁሩ መኪና ከዙለይካ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ኋላ እንደሰማሁት ሰብሊ መስታወቱን ዝቅ አድርግልኝ ብትለው፣ ጫላቸው «እቱ፣ ከፊት ቆልፌዋለሁ፤ ወረቀት ሰጥተውኛል» ብሏታል።

በሩን ከፈተችው። ማርጎን በአንድ እጇ፣ ካርዱን በሌላው ይዛ መሐል መንገድ ላይ ወረደች። ጫላቸው ከኋላ ይጣራል። ማዳም ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ሰብሊም አታውቅም፤ ግን ሄደች። ማርጎ ቀድማ ሮጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት «ማርጎ ነኝ!» አለች ለዙለይካ።

ዙለይካ የጫቱን እስር ጣለችው። ሰብሊን በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ክንዷን ዳበሰች፣ ፊቷን አገላበጠች።

«ፈቱሽ?» አለቻት።

ሰብሊ ወደ መኪናው ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ካርድ።

«እንጃ፣ ዙለይካ» አለች።